ቫሪንት ሲሳሳት፦ ከተሳሳተው ቁጥር ወደ መንስኤው

ቫሪንት ቁጥርን እንደ ትልቅነቱ በጥቂት ወይም በብዙ ባይት የመጻፊያ ዘዴ ነው፤ የተጨመቁ ፋይሎች መጠንና ርዝመት ብዙ ጊዜ በእሱ ይጻፋል። እንዲሁ በዘፈቀደ አይሳሳትም። የወጣው የተሳሳተ ቁጥር ራሱ ስህተቱ የት እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ስላለ ብቻ ዲስኩንና ኔትወርኩን ከመክሰሳችሁ በፊት ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ጻፉ፦ መነበብ የነበረበትንና የተነበበውን። ከዚያ በፊት ኮድ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

እዚህ ባይቶችን ሁሉ የምጽፈው በአስርዮሽ ነው። ጊጋባይት ስል 1073741824 ባይት ማለቴ ነው። ሌላ ካልተባለ አጻጻፉ ኤልኢቢ128 ነው፤ ማለትም 7 ቢት ዳታ፣ ላይኛው ቢት «ገና አለ»፣ ዝቅተኛው ክፍል ቀድሞ። በዚህ አጻጻፍ 300 የሚጻፈው 172፣ 2 ተብሎ ነው።

ትንንሽ ፋይሎች ደህና ናቸው፣ ከ2 ጊጋባይት ጀምሮ መጠኑ ያብዳል

ደጋግሞ የሚመጣው ይኼ ነው። ምልክቱን በቁጥር እንየው። 2 ጊጋባይት የነበረው መጠን 18446744071562067968 ሆኖ ይነበባል፤ ወይም ተቀባዩ ተለዋዋጭ ምልክት ያለው (አሉታዊም የሚይዝ) ዓይነት ከሆነ -2147483648። 3 ጊጋባይት 18446744072635809792 ይሆናል። 4 ጊጋባይት 0 ይሆንና ፕሮግራሙ «ባዶ ፋይል» ብሎ በሰላም ይወጣል። 5 ጊጋባይት ደግሞ 1 ጊጋባይት ይሆናል። ከሁሉም የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ቼክሰም (የይዘት ማረጋገጫ ቁጥር) ከሌለ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፣ አንድ ጊጋባይት ተዘርግቶ «ተጠናቋል» ይባላል፣ ተጠቃሚውም ዋናውን ፋይል ያጠፋዋል። 32 ጊጋባይት ላይ ሲደርስ ተራ ኢንቴል ፒሲ 8 ባይት ብቻ ሲል፣ ባለ 32 ቢት አርም ያለው መሣሪያ 0 ይላል። ኮዱ ያው አንዱ ነው።

መንስኤው በሲ ቋንቋ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት። ባይቱን ከ127 ጋር «አንድ» (AND፣ ማለትም ዝቅተኛዎቹን 7 ቢቶች ብቻ ማስቀረት) ስታደርጉት ውጤቱ ባለ 32 ቢት ኢንት (ምልክት ያለው ሙሉ ቁጥር) ይሆናል። ከዚያ ወደ ግራ የምትገፉት ያንን ኢንት ነው፤ ድምሩ የሚቀመጥበት ተለዋዋጭ 64 ቢት መሆኑ አያድንም፣ ምክንያቱም ሺፍቱ (መግፋቱ) ካለቀ በኋላ ነው ወደ 64 የሚሰፋው። አምስተኛው ባይት በ28 ይገፋል። ከሰባቱ ቢቶች የሚተርፉት አራቱ ብቻ ናቸው፣ ከእነሱም ላይኛው የምልክት ቢት ነው። የ2 ጊጋባይቱ ድንበር የመጣው ከዚህ ነው፦ ቁጥሩ አሉታዊ ይሆንና ወደ 64 ሲሰፋ ላይኛው ግማሽ በሙሉ በ1 ይሞላል። 4 ጊጋባይት ላይ ደግሞ ቁም ነገሩ ያለበት ቢት ከ32ቱ ውጭ ወድቆ ይጠፋል።

ስድስተኛው ባይት በ35 ይገፋል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ባለ 32 ቢት ሺፍት ሲሠራ ከመግፊያው ቁጥር የሚያየው ዝቅተኛዎቹን 5 ቢቶች ብቻ ስለሆነ 35ቱ 3 ይሆናል፤ 1 በ3 ሲገፋ 8። ባለ 32 ቢት አርም ግን የመግፊያውን ቁጥር ሙሉ ባይት ስለሚያይ ሁሉንም ገፍቶ ያወጣዋል። በሲ ስታንዳርድ ይህ ያልተደነገገ ባህሪ ነው፤ ስለዚህ ለሙከራ ያለ ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን ሳያፈጥን) የተገነባው አንድ ነገር ሲሰጥ፣ ለተጠቃሚ የሚላከው ሌላ ቢሰጥ አትደነቁ። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ክርክር እዚህ ዋጋ የለውም።

መፍትሄ፦ ባይቱን መጀመሪያ ወደ ምልክት አልባ 64 ቢት ቀይሩት፣ ከዚያ ከ127 ጋር «አንድ» አድርጉት፣ ከዚያ ግፉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፣ ሌላ የለም። ደጋግመው የሚታዩ ሁለት የውሸት ጥገናዎች አሉ። አንደኛው ሙሉውን ስሌት በቅንፍ ከብቦ ከውጭ ወደ 64 መቀየር ነው፤ ሺፍቱ ውስጥ አልቋል፣ የጠፋው ቢት አይመለስም። ሁለተኛው የመግፊያውን ቆጣሪ 64 ቢት ማድረግ ነው፤ በሲ የሺፍትን ውጤት ዓይነት የሚወስነው በግራ በኩል ያለው ብቻ ስለሆነ ይህም ምንም አይለውጥም። ኮምፓይለሩ ዝም አለ ማለት ተስተካከለ ማለት አይደለም።

ጃቫ ላይ ያው ስህተት በሕግ ይከሰታል፦ ኢንት ሲገፋ 5 ቢት ብቻ እንደሚታይ ቋንቋው ራሱ ይደነግጋል። ቀድማችሁ ወደ ሎንግ (ባለ 64 ቢት) ቀይሩ። ጃቫስክሪፕት የሺፍት ምልክቶቹን ሁሉ በ32 ቢት ስለሚሠራ ሺፍቱን ትታችሁ በ128፣ በ16384 እያላችሁ አባዙ፤ ይህም እስከ 9007199254740991 ድረስ ብቻ ነው የሚያስተማምነው፣ ከዚያ በላይ ቢግኢንት (ወሰን የሌለው ሙሉ ቁጥር) ተጠቀሙ። ፓይተን ቁጥሩ ወሰን ስለሌለው ስህተቱ ጨርሶ አይታይበትም፤ ስለዚህ «የፓይተኑ ቴስት አልፏል» ብላችሁ የሲውን ኮድ አትልቀቁ።

ለመፈተሽ የ5 ጊጋባይት ፋይል ማውረድ አያስፈልግም። ዲኮደሩን (ቫሪንቱን የሚያነበውን ኮድ) ብቻውን በእነዚህ ቁጥሮች ጽፋችሁ አንብቡ፦ 0፣ 127፣ 128፣ 16383፣ 16384፣ 268435455፣ 268435456፣ 2147483647፣ 2147483648፣ 4294967295፣ 4294967296፣ 34359738367፣ 34359738368፣ 18446744073709551615። የመጨረሻው ዘጠኝ ጊዜ 255 ከዚያም 1፣ በጠቅላላ 10 ባይት መሆን አለበት። በሲ ኮምፓይለሮቹ በጂሲሲም በክላንግም ያልተደነገገ ባህሪን የሚይዘው ሳኒታይዘር በርቶ ቢሄድ ስድስተኛው ባይት ላይ መስመሩን ይጠቁማችኋል።

ቁጥሩ በትክክል እጥፍ ነው

300 የጻፋችሁት 600 ሆኖ ከተነበበ፣ -1 ደግሞ 1 ከሆነ፣ ጸሐፊው ዚግዛግ (አዎንታዊውን ወደ ሙሉ፣ አሉታዊውን ወደ ጎዶሎ ቁጥር የሚቀይር አጻጻፍ) ተጠቅሟል፣ አንባቢው አልተጠቀመም። በተቃራኒው ግማሽ ከሆነና ጎዶሎዎቹ ወደ አሉታዊ ከዞሩ ነገሩ ተገላብጧል። በ«ጎ» (Go) ቋንቋ «ፑትቫሪንት» ዚግዛግ ይሠራል፣ «ፑትዩቫሪንት» አይሠራም፤ በአንዲት ፊደል ልዩነት ብዙ ሰው ይወድቃል። በጉግል የዳታ ፎርማት በፕሮቶኮል በፈርስ አሉታዊ ቁጥር በተራው ኢንት32 ሲጻፍ 10 ባይት መብላቱ ግን ብልሽት አይደለም፤ ሳታስቡ የመረጣችሁት የመስክ ዓይነት ነው።

300 መጥቶ ሌላ ቁጥር ይነበባል፣ ከ128 በታች ግን ትክክል ነው

ባይቶቹን ተመልከቱ። 172፣ 2 ከሆነ ኤልኢቢ128 ነው። 130፣ 44 ከሆነ ከፍተኛው ክፍል ቀድሟል፤ የሙዚቃው ፎርማት ሚዲና ዳታቤዙ ኤስኪውላይት እንዲህ ይጽፋሉ፣ በኤስኪውላይት ደግሞ ዘጠነኛው ባይት 8ቱንም ቢት ለዳታ ይጠቀማል። 129፣ 44 ከሆነ የጊት (የኮድ ታሪክ መያዣው) ፓክ ፋይል የዴልታ ርቀት ነው፣ ማለትም ልዩነቱ የተሰላበት ነገር ምን ያህል ወደ ኋላ እንዳለ፤ እዚያ በየቀጣዩ ባይት ከመገፋቱ በፊት 1 ይደመራል። «ቫሪንት» የሚለውን ስም አምናችሁ ከሌላ ፕሮጀክት ዲኮደር አትቅዱ።

ባይቶቹ ትክክል ሆነው ሉፑ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ባይት ላይ ከቆመ፣ ባይቱን በ«ቻር» (የሲ ባለ አንድ ባይት ዓይነት) ይዛችሁ «ከ127 ይበልጣል ወይ» እያላችሁ ነው። ኢንቴል ላይ ቻር ምልክት ያለው ስለሆነ 172 የሚነበበው -84 ሆኖ ነው። አርም ሊኑክስ ላይ ቻር ምልክት አልባ ስለሆነ ያው ኮድ ይሠራል፤ ለዚህ ነው የአርም ቦርዱ ላይ አልፎ ፒሲ ላይ የሚወድቀው።

አንዳንዴ ብቻ ይበላሻል፣ በተለይ በኔትወርክ ሲመጣ

ቁጥሩ በሁለት ንባብ መሃል ተቆርጧል። የንባብ ቋቱ (በፈር) 65536 ባይት ቢሆን 172 የመጨረሻው ቦታ ላይ ያርፍና 2 በሚቀጥለው ይመጣል። የተነበበውን ድምርና የሺፍቱን መጠን በጥሪዎች መካከል አስቀምጡ፣ ወይም ቢያንስ 10 ባይት ካልቀረ በቀር በየባይቱ የቋቱን መጨረሻ የማይፈትሸውን ፈጣን መንገድ አትጠቀሙ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሙሉ ፋይሉን አንድ አንድ ባይት እየሰጣችሁ አንብቡ። ይህን የማያልፍ ዲኮደር አልተጠናቀቀም።

ሌሎች ብልሽቶች

ጸሐፊው አይቆምም፣ ፋይሉ ያብጣል፦ ምልክት ያለው አሉታዊ ቁጥር በ7 ወደ ቀኝ ሲገፋ -1 ላይ ይቀራል እንጂ 0 አይደርስም። ወደ ምልክት አልባ ቀይሩ።

በመጭመቂያው ፎርማት ኤልዚ4 ላይ ርዝመቱ ልክ 15፣ 270፣ እንዲህ በ255 እየጨመረ ሲሄድ ብቻ ይሳሳታል (ለማች፣ ማለትም ከኋላ ለሚቀዳ ድግግሞሽ፣ 19፣ 274፣ እንዲህ እያለ)፦ መጨረሻ ላይ መጻፍ የነበረበት 0 ተረስቷል።

ባይቶቹ መሃል 239፣ 191፣ 189 ተደጋግሞ ከታየ፣ አንድ ሰው ዳታውን እንደ ጽሑፍ ስትሪንግ አሳልፎታል። ያ ፋይል አይመለስም።

ሌላው የመጭመቂያ ፎርማት ኤክስዚ 128፣ 0 የሚለውን አይቀበልም፦ ትርፍ ዜሮ ክልክል ነው፣ ርዝመቱም ከ9 ባይት አይበልጥም።

ማስጠንቀቂያ

ከፋይል የተነበበ ርዝመትን አምናችሁ ሜሞሪ አትጠይቁ። መጀመሪያ ከቀረው ግብዓት ጋር አወዳድሩ፤ ስታወዳድሩም ርዝመቱን በጠቋሚው (አሁን በምታነቡበት ቦታ) ላይ አትደምሩ፣ ድምሩ ሊዞር ይችላል። ከመጨረሻው ጠቋሚውን ቀንሳችሁ ቀሪውን ከርዝመቱ ጋር አመዛዝኑ። ሉፑን 10 ባይት ላይ አስቁሙት፤ በ64 ቢት አሥረኛው ባይት ከ1 ከበለጠ ፋይሉን ውድቅ አድርጉ።

ስህተቱ ያለው ጸሐፊው ላይ ከሆነ ደግሞ አንባቢውን ብቻ ማረም አይበቃም፤ የተሳሳቱ ፋይሎች አስቀድመው ተሰራጭተዋል። የፎርማቱን የቨርዥን ቁጥር ከፍ አድርጉ፣ አሮጌውን ቨርዥን በአሮጌው ስህተት ልክ አንብቡ፣ አዲሱን በትክክል ጻፉ። ቨርዥን መስክ የሌለው ፎርማት ከሆነ ግን ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያሉትን የመለያ ባይቶች ቀይሩ።