ፕሮጀክት መምራትን በቡድን ሥራ ስትማሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የፕሮጀክት አመራር ሥልጠና የወሰደ ወጣት ማግኘት አይከብድም። ሰርተፍኬቱም አለው። "አምስት ሰው ይዘህ አንድ ሥራ በቀኑ አስረክብ" ሲባል ግን ብዙው ግራ ይጋባል። ስለዚህ በቡድን ሠርቶ መማር ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ፣ ወር ሙሉ አብሮ ውሎ ምንም ሳይማር የሚበተን ቡድንም አለ። የሚያደናቅፉት ነገሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው ናቸው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። አምስት ወጣቶች ለሰፈራቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጽሐፍ መደርደሪያ አሠርተው፣ መጽሐፍ አሰባስበው ሊያስረክቡ ተነሱ እንበል።

የወረቀት ፕሮጀክት መምረጥ

አንዳንዱ ቡድን በጀማ ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራል፤ በወረቀት። ሰነዱ ወፍራም ነው፣ በጀቱ በሚሊዮን ነው። ወንዙን ሄዶ ያየ ግን የለም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የትየባ ነው። "እኔ ያዘዝኩት ይህን አይደለም" ብሎ የሚመልስ ተረካቢ የለውማ። ትንሽ ሥራ ምረጡ። በአራት ሳምንት የሚያልቅ፣ እውነተኛ ተረካቢ ያለው፣ ጥቂት ብርም ያለበት ይሁን። ብር ካለ ደረሰኝ አለ፤ ደረሰኝ ካለ ጭቅጭቅ አለ። ጭቅጭቁንም ለምዳችሁት ብትወጡ ጥሩ ነው።

"ሁላችንም ኃላፊ ነን" ማለት

ይህን የሚሉ ልጆች ብዙ ጊዜ "እንደ ደቦ እንሥራው" ይላሉ። ደቦን በደንብ ያላዩ ይመስለኛል። በመንዝም በተጉለትም ገብስ በደቦ ሲታጨድ ደቦውን የጠራ ሰው አለ። ቀኑን የቆረጠው እሱ ነው። የትኛው ማሳ እንደሚቀድም ያውቃል። ጠላው የተጠመቀው፣ ምሳው የተሰናዳው በእሱ ቤት ነው። ዝናብ ቢመጣ መጀመሪያ የሚደነግጠውም እሱ ነው። የመጣው ሰው ሁሉ እኩል ያጭዳል፣ ተጠያቂው ግን አንድ ነው።

የእናንተም ሥራ እንዲሁ ይሁን። በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ አንድ ስም ጻፉ። ሁለት ስም ከተጻፈ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሳምንቱ ያልፋል። "ጣውላ መግዛት፦ ቡድኑ" ተብሎ የተጻፈ ሥራ ደግሞ ማንም አይገዛውም።

ቀኑን እንጂ ተራውን አለማየት

አብዛኛው ጀማሪ ሥራዎቹን ዘርዝሮ ከጎናቸው ቀን ይጽፋል። ጋንት ቻርት (ሥራዎቹን ከነቀናቸው በአሞሌ የሚያሳይ ሰሌዳ) ሠራሁ ይላል። የቱ ሥራ የቱን እንደሚጠብቅ ግን አልጠየቀም።

በምሳሌያችን እንየው። ልኬት መውሰድ 1 ቀን፣ ጣውላ መግዛት 2፣ የአናጺ ሥራ 6፣ ቀለም ቀብቶ ማድረቅ 3፣ መጽሐፍ መደርደር 1። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም፤ ድምሩ 13 ቀን ነው። በሌላ በኩል መጽሐፍ ማሰባሰብ 4 ቀን፣ መለየትና መመዝገብ 4 ቀን ይፈጃል። ይህ ከአናጺው ሥራ ጎን ለጎን ሊሄድ ስለሚችል 8 ቀኑ ከመደርደሩ በፊት ባሉት 12 ቀናት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጽሐፍ ሰብሳቢዎቹ እስከ 4 ቀን ቢዘገዩ ማንም አይጎዳም። አናጺው አንድ ቀን ቢዘገይ ግን ርክክቡም አንድ ቀን ይዘገያል።

ይህ ረጅሙ ሰንሰለት በሙያው "ክሪቲካል ፓዝ" ይባላል። ዘዴው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ ተጀመረ። ጥቅሙ ቀላል ነው፤ የት እንደምትጨነቁ ይነግራችኋል። ቡድኖች ግን ስብሰባቸውን የሚጨርሱት ደስ በሚለው፣ በመጽሐፉ ጉዳይ ነው። አናጺው ዘንድ የሄደ የለም።

የሰው አገር የጊዜ ሰሌዳ መገልበጥም እዚሁ ይገባል። የደብረ ብርሃን ብርድ ቀለም ቶሎ አያደርቅም። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋሮቢት ብትሠሩት ያው ቀለም ቶሎ ይደርቃል። ችግኝ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ ሰኔ 30 በጀቱ እንደሚዘጋ አትርሱ።

አንድ ቁጥር ተቀብሎ መሄድ

አናጺውን "ስንት ቀን ይፈጅብሃል?" ስትሉት "ስድስት" ይላችኋል። አልዋሸም፤ ሁሉ ነገር ደህና ከሄደ ማለቱ ነው። መብራት ሊጠፋ ይችላል። በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን ሊያከብር ይችላል። ጎረቤት ለቅሶ ሊገጥመው ይችላል።

ሦስት ቁጥር ጠይቁት። ከቀናህ? አብዛኛውን ጊዜ? ከተበላሸብህስ? 4፣ 6 እና 14 ቢላችሁ መካከለኛውን በአራት አባዙት፣ ሦስቱንም ደምሩ፣ ለስድስት አካፍሉ። 7 ይመጣል። ይህ ስሌት የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1958 (እ.ኤ.አ.) ለፖላሪስ ሚሳኤል ሥራ ካወጣው ዘዴ የመጣ ነው፤ ለመደርደሪያም ይሠራል። የተገመተውን ጻፉትና የሆነውን አጠገቡ ጻፉ። ይህን ያላደረገ ቡድን አሥር ፕሮጀክት ቢሠራም ግምቱ አይሻሻልም።

"ሊያልቅ ነው"ን መቀበል

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ይሉኝታ አለብን። ጓደኛችን ፊት "አልሠራሁም" ማለት ይከብዳል። ጠያቂውም "ለምን?" ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ሁሉም "እየሄደ ነው"፣ "ሊያልቅ ነው" እያለ ይቆያል፤ እውነቱ የሚወጣው በርክክቡ ዋዜማ ነው።

መፍትሔው ሰውን ማፋጠጥ አይደለም። ጥያቄውን ቀይሩት። "ስንት ፐርሰንት ደረሰ?" አትበሉ፤ "ምን ቀረው? ምን ያዘህ?" በሉ። ሥራው አልቋል ወይም አላለቀም፤ መሃል የለም። መጀመሪያ ላይ አስተባባሪው ራሱ የዘገየበትን ይናገር። እሱ ሳያፍር ከተናገረ ሌላውም ይከፍታል። በየቀኑ ቆማችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ብትነጋገሩ ይበቃል። ወንበር ከመጣ ወሬው ይረዝማል።

"እግረ መንገዳችሁን" ሲባል እሺ ማለት

ርዕሰ መምህሩ መጥተው "ልጆቼ፣ እግረ መንገዳችሁን በሩንም ብታድሱልን" ይላሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ እምቢ አይባሉም። በሩ ይታደሳል፣ ከዚያ መስኮቱ ይከተላል፣ መደርደሪያው ግን ሳያልቅ ይቀራል። እምቢ ማለት አያስፈልግም። "እሺ መምህር፣ በሩ ሦስት ቀንና ይህን ያህል ብር ይጨምራል። ርክክቡን እናራዝመው ወይስ ከመደርደሪያው አንዱን እንቀንስ?" በሉ። ምርጫው የእሳቸው ይሁን፤ መልሱንም ጻፉት።

ሥራውን ላወቀው ሰው መተው

ላፕቶፕ ያለው ልጅ ዕቅድ ያወጣል፣ አንደበተኛው ይመራል፣ ሴቶቹ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ሥራው ያምራል፣ አራቱ ግን አልተማሩም። አስተባባሪነቱን በየሳምንቱ አዙሩት። ይዝረከረካል፤ ይዝረክረክ።

ሶፍትዌርና ሰው ማብዛት

ለአምስት ሰው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፍሊፕ ቻርትና ማርከር ይበቃል። ሥራ ሲዘገይ ሰው መጨመርም አያዋጣም። አምስት ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው መስመሮች 10 ናቸው፤ አሥር ሲሆኑ 45 ይደርሳሉ። አዲሱን ሰው የሚያስረዳውም ያው የተጨናነቀው ሰው ነው።

ፎቶ ተነሥቶ መበተን

ርክክብ፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ፣ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ቁጭ ካላላችሁ ግን ነገሩ ይረሳል፤ ሳምንት ካለፈ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው እሱ ልክ እንደነበረ ነው። ግምቱንና የሆነውን ጎን ለጎን ዘርጉ። ልዩነቱ ትልቅ በሆነበት ላይ ብቻ "ለምን?" በሉ፤ "ማን?" አትበሉ። ወረቀቱንም አትጣሉት። ሌላ ቡድን ነገ ያንኑ አናጺ ሊያሠራ ሲነሳ ይጠቅመዋል።