ለልምምድ የማን ጠበቃ ቢሮ ልግባ ለምትሉ

ግንቦት ሲገባ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ የፕላስቲክ ፋይል ያቀፉ ልጆች መታየት ይጀምራሉ። ከማራኪ ግቢ በባጃጅ ፒያሳ ይወርዳሉ፣ ደረጃው ሥር ሸሚዛቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ «ለልምምድ ነበር» ብለው ሲቪያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ። ሰሞኑን የመጣችው የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ግን ሲቪ አላወጣችም፤ ምክር ፈልጋ ነው የመጣችው።

«እትዬ፣ ሦስት ቦታ ተገኝቶልኛል፤ የቱን ልያዝ?»

አጎቷ አዲስ አበባ ከአንድ የጥብቅና ድርጅት ጋር አነጋግሮላታል። እዚሁ ጎንደር ብቻቸውን የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ጠበቃ ደግሞ «ነይ» ብለዋታል። አባቷ በበኩላቸው ጥብቅናው ይቆይ፣ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ሆነሽ የመንግሥት ደመወዝ ያዢ ባይ ናቸው። ቡናው ከአቦል በረካ እስኪደርስ ያወራነውን ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደሆን ብዬ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሁለት ወር ስቆይ አቤቱታ በእጄ እጽፋለሁ ወይ? የጻፍኩትንስ ተቀምጦ የሚያርምልኝ ሰው አለ?» የቢሮው ስም፣ ፎቁ፣ የከተማው ትልቅነት ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገብቼ ስምንት ወር ከስሬአለሁ።

ተመርቄ አዲስ አበባ የሄድኩት በዘመድ ነው። ቢሮው ስም ያለው ነበር፤ ማን እንደሆነ ይቅር። ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተሰልፌ ግልባጭ አወጣለሁ፣ ከሰዓት ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማታ ፋይል እደረድራለሁ። በስምንት ወር ውስጥ «ይህን መልስ ጻፊና አምጪልኝ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ስወጣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ ወረቀት «በቢሮአችን ቆይታለች» ይላል። ከመቼ እስከ መቼ? ምን ስትሠራ? የለም። በኋላ ፈቃድ ለማውጣት ልምዴን ስቆጥር ያ ወረቀት አንድ ቀን እንኳ አልጨመረልኝም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ስገባ በጽሑፍ የተስማማነው ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባ አትሂዱ እያልኩ ግን አይደለም። እኔ በተመረቅሁበት ጊዜ ድርጅት የሚባል ነገር አልነበረም። ጠበቃ በስሙ ፈቃድ ያወጣል፣ በስሙ ቢሮ ይከፍታል፤ ሦስት ሆነው አንድ ቢሮ ቢጋሩ እንኳ በሕግ ፊት እያንዳንዱ ለየራሱ ነበር። ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ የፈቀደው በ2013 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ድርጅት ውስጥ ሥራው ይከፋፈላል፤ አንዱ ውል ያረቃል፣ ሌላው ግብር ይይዛል፣ ሌላው ችሎት ይቆማል። የንግድ ማኅበር፣ የኢንቨስትመንትና የባንክ ጉዳይ የሚስባችሁ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ውል ማርቀቅም የማይከብዳችሁ ከሆነ ቦታችሁ እዚያ ነው። ጎንደር ተቀምጣችሁ እንዲህ ያለ ሥራ አልፎ አልፎ ነው የምታዩት። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ከእናንተ በፊት የገባውን ተለማማጅ አግኙት። ባለቤቱን ሳይሆን ተለማማጁን። «ባለፈው ሳምንት ምን ጻፍክ?» በሉት። «መዝገብ ቤት ነበርኩ» ካላችሁ የእኔን ስምንት ወር አስታውሱ። ደግሞም የቤት ኪራዩን አስሉ፤ ዘመድ ቤት ማረፍ ለሦስት ወር እንጂ ለዓመት አይሆንም።

እዚህ ያለው ቢሮ ሌላ ዓለም ነው። አብዛኛው አንድ ጠበቃ፣ አንዲት ጸሐፊና አንድ መደርደሪያ ነው። የሚመጣው ጉዳይ ውርስ፣ ፍቺ፣ የቤትና የመሬት ክርክር፣ ብድር፣ ከሥራ መባረር፣ የወንጀል መዝገብ ነው። ሳትመርጡ ሁሉም ይደርሳችኋል። «ክልል ላይ ብቆይ የፌዴራል ሕግ አይርቀኝም?» የሚል አለ። አይርቀውም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የዳኝነት ሥልጣንንም በውክልና ስለሚሠሩ እንዲህ ያሉ መዝገቦች እዚሁ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያሉ። ፈቃዱ ግን ለየብቻ ነው። ክልሉ በራሱ ሕግ ይሰጣል፣ ፌዴራሉ በራሱ። የት መሥራት እንደምትፈልጉ ከወዲሁ አስባችሁ፣ የምትይዙት ልምድ ፈቃድ በሚሰጠው ቢሮ እንዴት እንደሚቆጠር ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። የጓደኛ ወሬ ይዛችሁ አትግቡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ ለልምምድ የሚመጣን ልጅ ውጤቱን አይቼ አልቀበልም፤ የመውጫ ፈተናውን ሁሉም አልፎ ነው የሚመጣው። አንድ ወረቀት እሰጠዋለሁ፦ «አንዲት የቅዳሜ ገበያ እህል ነጋዴ ለምራቷ ወንድም 180,000 ብር አበድራለች። ውል የለም። ገንዘቡ ሲሰጥ አራት ሰዎች አይተዋል። አንድ ሰዓት አለህ፣ ክሱን ጻፍ።» ጉዳዩ ለፈተና የፈጠርኩት ነው፣ የባለጉዳይ ምሥጢር አይደለም።

አብዛኞቹ ወዲያው መጻፍ ይጀምራሉ። ጽሑፉ ያምራል፣ ዘመድ ዘመዱን እንዴት እንደካደ ልብ ይነካል፤ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ አራቱ ምስክሮች በተራ ተቀምጠዋል። እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው። አራቱም ምስክር በተቃዋሚ ጠበቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወድቃሉ። አምና አንድ ልጅ ብዕሩን አስቀምጦ «ገንዘቡን በእጅ ነው የሰጠችው ወይስ በባንክ? ከዚያ በኋላስ በጽሑፍ ያመነበት ነገር የለም?» አለኝ። የጻፈው ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር፤ ያኔውኑ ወሰድኩት።

ሁለተኛው ችግር ቋንቋው ነው። ሕግን አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ እንማራለን፣ ክሱን የምንጽፈው ግን በአማርኛ ነው። አንዷ ተለማማጄ የመጀመሪያ አቤቱታዋን «ፍርድ ቤቱ እፎይታ እንዲሰጠኝ» ብላ ጨረሰችው፤ «relief» የሚለውን ከእንግሊዝኛው ቀጥታ ገልብጣ። ጸሐፊያችን እስከ ማታ ሳቀች። የሚባለው «የምጠይቀው ዳኝነት» ነው፤ ሥሩም ዋናው ገንዘብ፣ ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ የሚታሰብ 9 በመቶ ወለድ፣ ወጪና ኪሳራ እያለ በቁጥር ይዘረዘራል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 222 ክሱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ ቁጥር 223 ምን ከክሱ ጋር እንደሚያያዝ ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ በቁጥር 92 መሠረት በእውነት የቀረበ ነው ብሎ ማረጋገጥ አለ። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አትይዙትም። ሌላው ቢቀር ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሕጉን ባይማሩትም የአቤቱታውን አማርኛ ከብዙ ተመራቂ ይበልጣሉ፤ ይህን ስል ደስ የማይላቸው ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ።

ለዚህ ነው ተማሪ ሆናችሁ የምታገኙትን በር አትናቁ የምለው። የኤክስተርንሺፕ ኮርሱን፣ ማለትም ከክፍል ወጥታችሁ ሥራ ቦታ የምትለማመዱበትን፣ ብዙዎች ማኅተም አስመትቶ እንደ መገላገል ያዩታል። ከሕግ ትምህርት ቤቱ የነፃ ሕግ ድጋፍ ሥራም «ድሀ ባለጉዳይ ነው የሚመጣው» ብለው ይሸሻሉ። ድሀ ባለጉዳይ ግን አዛውንት እናት ናቸው፤ ነገሩን ከልጅነታቸው ጀምረው ነው የሚነግሯችሁ። ከዚያ ውስጥ የክሱን ምክንያት ለይታችሁ ካወጣችሁ ማንኛውም ቢሮ ይፈልጋችኋል። እኔ ከሲቪ ሁሉ ቀድሜ የማነበው ይህን መስመር ነው፤ የባለጉዳዮቹ ስም ተሰርዞ ሁለት የጻፋችኋቸው አቤቱታዎች ቢያያዙበት ደግሞ ሌላ ጥያቄ የለኝም።

የአባትየው ሐሳብ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ፣ የመሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ፣ ወይም ባሕር ዳር በሚገኘው የክልሉ ማሰልጠኛ በኩል ዳኝነት፤ ሁሉም ደመወዝ አለው፣ ልምዱም ሰነድ ያለው ነው። ችሎት በየቀኑ መቆምን የመሰለ ትምህርትም የለም። ጉዳቱ ሩቅ ወረዳ ሊመደብባችሁ መቻሉ፣ ደግሞም ነገርን ሁሉ ከከሳሽ ወገን ብቻ ማየት መልመዳችሁ ነው። ከዐቃቤ ሕግነት የመጣ አንድ ረዳቴ ባለጉዳይ ሲያነጋግር ተጠርጣሪ የሚመረምር ይመስል ነበር፤ ሰውየው ውክልናውን ሊያነሳ ምንም አልቀረው።

ጊዜውንም አስቡበት። የምትመረቁት በክረምት አፍ ነው፤ ነሐሴና መስከረም ደግሞ ፍርድ ቤቶች እረፍት ላይ ናቸው፣ ከተረኛ ችሎት በቀር። በዚያ ወቅት ቢሮ ገብታችሁ ባዶ ጠረጴዛ ብታዩ አትደንግጡ። ለማንበብ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ያዙ። ጥቅምት ላይ ቀጠሮው ሁሉ በአንድ ላይ ይወርዳል፣ ያኔ ጠበቃ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። ቢሮ ስታንኳኩም ጠዋት አትምጡ፣ ችሎት ነን። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሻላል።

እሺ ካላችሁ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር። የመግቢያ ቀን፣ የልምምዱ ጊዜ፣ የሚከፈል ካለ ስንት እንደሆነ፣ የሚሠራው ሥራ። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የባጃጅና የምሳ ብቻ ነው የምሰጠው፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ። በየሳምንቱ ዓርብ የሠራችሁትን በደብተር መዝግቡ፦ በዚህ ቀን የመከላከያ መልስ ረቂቅ፣ በዚያ ቀን የይግባኝ ቅሬታ። የምሥክር ወረቀት ስትጠይቁ ከዚያ ደብተር ገልብጣችሁ ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጁና ለፊርማ አቅርቡ። ጠበቃ ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ የተዘጋጀ ወረቀት ካገኘ አንብቦ ይፈርማል፣ ካላገኘ «ቆይታለች» ብሎ ይጽፋል።

ልጅቷ ለአንጋፋው ጠበቃ ሦስት ጥያቄ ይዛ ሄደች፤ ምን ልጽፍ ነው፣ ማን ያርመኛል፣ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍልኛል። ማክሰኞ ደወለችልኝ። ሰውየው ለሁለቱ መልስ ሰጥተዋታል፤ ሦስተኛውን «እስኪ ሥራሽን ልየው» ብለዋል። ግቢ አልኳት፣ ደብተሩን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ያዢ።