የመኪናዎን ጭስ በዛፍና በካርቦን ክሬዲት እንዴት ያካክሳሉ? (ለሐዋሳ ነዋሪዎች)

መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ ደብተር ነው። ለአንድ ወር ነዳጅ በቀዱ ቁጥር ሊትሩን ይጻፉ። ዋጋው ስለሚለዋወጥ በብር መያዝ አያዋጣም። ወሩ ሲያልቅ ድምሩን በ12 ያባዙ። ከዚያ ለቤንዚን በሊትር 2.3 ኪሎ፣ ለናፍጣ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቡ። 750 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ ሊትር ቤንዚን ከራሱ ሦስት እጥፍ የሚከብድ ጋዝ ማውጣቱ ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ስለሚወስድ ክብደቱ ይጨምራል።

ከተማ ውስጥ የሚነዳና በወር 60 ሊትር የሚቀዳ የቤት መኪና በዓመት 720 ሊትር ይፈጃል፤ ጭሱ 1.7 ቶን ገደማ ነው። በቀን 6 ሊትር የሚያቃጥል ባጃጅ በዓመት 300 ቀን ከሠራ 4.1 ቶን ያወጣል። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈልግ መኪና በአንድ ጉዞ ብቻ አንድ ኩንታል ይጨምርበታል።

ማካካስ ከመጀመርዎ በፊት መቀነስ የሚቻለውን ይቀንሱ። የጎማ ነፋስ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ። ፊልትሮውን ያጽዱ ወይም ይቀይሩ። ጥቁር ጭስ ከታየ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል እየባከነ ነውና መካኒክ ያሳዩ። ተሳፋሪ ሲጠብቁ ሞተር ያጥፉ።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ችግኝ ይቆጥራል። የክንድ ቁመት ያለው ችግኝ የያዘው ካርቦን ኢምንት ነው። መለካት ያለበት ግንዱ ነው። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ሲባጎ ያዙሩና ዙሪያውን በሜትር ይለኩ። 31 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዛፉ ከነሥሩ 60 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል፤ 63 ሲደርስ ግን ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚይዘው ከአምስት እጥፍ በላይ ያድጋል ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ እንጨቱ ክብደት ከፍ ዝቅ ስለሚል እንደ ግምት ይያዙት።

ስለዚህ ለቤት መኪናው የአንድ ዓመት ጭስ 63 ሳንቲ ሜትር የደረሱ ስድስት ዛፎች ያስፈልጋሉ። ግማሹ እንደሚሞት አስበው 12 ይትከሉ፤ ለባጃጁ 28። እንደ ግራቪሊያ ያለ ፈጣን ዛፍ ተንከባክበውት እንኳ እዚህ ውፍረት ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ የዘንድሮው ጭስ የሚከፈለው በዱቤ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከነዱ ደግሞ እንደገና ይትከሉ። በ3 ሜትር ርቀት 28 ችግኝ 250 ካሬ ያህል ስለሚፈልግ የከተማ ግቢ አይበቃም። የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት ቅጥር፣ ወይም ገጠር ያለ የዘመድ ማሳ ዳር ይፈልጉ፤ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ግን አይትከሉ።

ጉድጓዱን በግንቦት ይቆፍሩ፤ 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛውን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ይከምሩ። የሐዋሳ አካባቢ እሳተ ገሞራ ወለድ አፈር ፈካ ያለና ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ ከላይኛው አፈር ጋር ሁለት አካፋ የበሰለ ፍግ ይቀላቅሉ። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ተከላው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ አፈሩ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ታች ሲርስ ነው።

የዛፍ ዓይነት ሲመርጡ ማሳ ውስጥ ከሆነ ዋንዛ፣ ለዳርቻ ግራቪሊያ፣ ደረቅና ድንጋያማ ቦታ ላይ ግራር ጥሩ ነው። በሐይቁ ዳርና በጉድጓድ ውሃ አጠገብ ባሕር ዛፍ አይትከሉ፤ ውሃ ይመጥጣል።

የችግኙን ፕላስቲክ ከላይ እስከ ታች በምላጭ ሰንጥቀው ያውጡት። አፈሩ እንዳይበተን በሁለት እጅ ይያዙ። ከታች ይመልከቱ፤ ሥሩ እንደ ገመድ ዞሮ ከተጠመጠመ የታችኛውን አንድ ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ይጣሉ። ካልቆረጡት ዛፉ ሁለት ሦስት ዓመት ደህና መስሎ ያድግና ሥሩ ራሱን ያንቃል፤ ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል። ፕላስቲኩን ሳያወጡ መትከልም ያው ነው፤ በዘመቻ ከተተከሉት ውስጥ እንዲህ የሚያልቀው ጥቂት አይደለም። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፤ ከቀበሩት ይበሰብሳል። አፈሩን በእግር ረገጥ ያድርጉ።

ከኅዳር እስከ የካቲት በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ለአንድ ችግኝ ይበቃል፤ ለሁለት ጊዜ ከፍለው ቢያጠጡ ይሻላል። እርጥበት እንዲይዝ በችግኙ ዙሪያ ሣር ወይም ቅጠል ከጎዘጎዙ ጉዝጓዙን ከግንዱ አንድ ጋት ያርቁ፤ ከተጠጋ ምስጥ ይጋብዛል። ፍየል ካለ በእሾህ አጥር ይከልሉ። በመጀመሪያው በጋ የሞተውን በሚቀጥለው ክረምት ይተኩ።

ዛፉ እስኪደርስ መጠበቅ ካልፈለጉ፣ ወይም ቦታ ከሌለዎት፣ የካርቦን ክሬዲት አለ፤ ሌላ ቦታ ያለ ፕሮጀክት የቀነሰውን ወይም በዛፍ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በገንዘብ ይገዛሉ ማለት ነው። አንድ ክሬዲት አንድ ቶን ነው። ለቤት መኪናው ሁለት፣ ለባጃጁ አምስት ይግዙ። ሻጩ በየትኛው መዝገብ እንደተመዘገበ ይጠይቁ፤ ቬራና ጎልድ ስታንዳርድ ለሁሉም የሚታይ መዝገብ አላቸው። ዋናው ነገር ክሬዲቱ ተመልሶ እንዳይሸጥ በስምዎ ከገበያ መውጣቱ ነው። መለያ ቁጥሩን ተቀብለው ራስዎ መዝገቡ ላይ ይፈልጉ። የምስክር ወረቀት ብቻ ከሰጡዎት የገዙት ወረቀት ነው።

የፕሮጀክቱን ዓይነትም ይዩ። አንዳንዱ ክሬዲት የሚገኘው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ከሚያከፋፍል ፕሮጀክት ነው። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨት በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ነገር ግን ተሰንጥቆ ጥግ የተቀመጠ ምድጃ ምንም አይቆጥብም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ምን ያህል እንዳከፋፈለ ብቻ ሳይሆን ስንቱ በሥራ ላይ እንዳለ መቁጠሩን ያረጋግጡ። ጥሩ ምሳሌ ከፈለጉ ወላይታ ውስጥ ያለው የሁምቦ ፕሮጀክት በ2009 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብት ተከልሎ፣ ከጉቶ የሚያቆጠቁጠው እየተመረጠና እየተገረዘ ነው ደን የሆነው። ሕያው ሥር ባለበት መሬት ከአዲስ ችግኝ ይህ ይረክሳል፣ በሕይወት የመቆየት ዕድሉም ይበልጣል።

ችግኞችዎን የተከሉት ክሬዲት በሚሸጥ ፕሮጀክት መሬት ላይ ከሆነ ግን የሚይዙት ካርቦን የሚቆጠረው ለክሬዲቱ ገዢ ነው፤ ከደብተርዎ ይሰርዟቸው።