ባፌት የገዛውን ከወረቀቱ ማንበብ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው እቁባችን በየሦስት ወሩ ስለ ታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት ዋረን ባፌት አንድ ወሬ ይነሳል። «ባፌት እንትንን ገዛ!» እኔም አንዴ ሰምቼ በማግስቱ የ600 ዶላር አክሲዮን ገዛሁ። ስሙን አልናገርም፣ አሳፍሮኛል። በቀጣዩ ሩብ ዓመት የባፌት ድርጅት አክሲዮኖች ዝርዝር ላይ ያ አክሲዮን ጭራሽ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ራሴ አነባለሁ።

ወረቀቱ 13 ኤፍ ይባላል። ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአሜሪካ ገበያ አክሲዮን የሚያስተዳድር ድርጅት፣ ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ45 ቀን ውስጥ ለኤስኢሲ፣ ማለትም ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ያስገባል። ስለዚህ ፌብሩዋሪ፣ ሜይ፣ ኦገስትና ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ጠብቁ። ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ የተገዛ አክሲዮን ሜይ 15 ሊሰማ ይችላል። አራት ወር ተኩል!

ኤስኢሲ ድረ ገጽ ላይ ኤድጋር የሚባለውን መፈለጊያ ክፈቱ። ነፃ ነው። የሰውየውን ሳይሆን የድርጅቱን ስም ጻፉ፦ በርክሻየር ሃታዌይ። ከሚመጣው ዝርዝር 13 ኤፍ-ኤችአር የሚለውን ምረጡ። ኤንቲ የሚል ካጋጠማችሁ፣ አክሲዮኖቹ በሌላ ድርጅት ወረቀት ላይ ተመዝግበዋል ማለት ነው። ከዚያ «ኢንፎርሜሽን ቴብል» የሚለውን ክፈቱ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የበርክሻየር ሰንጠረዥ ላይ አንድ ኩባንያ ብዙ መስመር ላይ ይደጋገማል፣ በሥሩ ያሉት ድርጅቶች ለየብቻ ስለሚመዘገቡ። እኔ መጀመሪያ አንዱን መስመር ብቻ አይቼ «አፕልን ሸጦ ጨረሰ» ብዬ ነበር። ደምሩት። ደግሞ የዶላሩን ዓምድ ተዉትና የአክሲዮኑን ብዛት ካለፈው ወረቀት ጋር አወዳድሩ፤ ዋጋ ሲጨምር ዶላሩም ያለ ግዢ ይጨምራልና። ማርች 2024 መጨረሻ ላይ አፕል 789 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ ጁን መጨረሻ 400 ሚሊዮን። ሽያጩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ2023 በፊት ያለውን ወረቀት ከከፈታችሁ ደግሞ የዶላሩ ቁጥር በሺህ የተጻፈ ነው፤ ሦስት ዜሮ ጨምሩበት።

«ፑት» የሚል ካያችሁ ረጋ በሉ፤ የአክሲዮን ዋጋ ሲወድቅ የሚያተርፍ ውል ነው። ኦገስት 2023 የባለሀብቱ የማይክል በሪ ድርጅት በገበያው መውደቅ ላይ 1.6 ቢሊዮን ዶላር አስያዘ ተብሎ ተወራ። ቁጥሩ ግን ከውሉ ጀርባ ያሉት አክሲዮኖች ዋጋ ነው እንጂ ከኪሱ የወጣው ገንዘብ አይደለም። የከፈለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ወረቀቱ የማያሳየውም አለ። ጥሬ ገንዘብ የለም፣ ሾርት (ዋጋው ይወድቃል ብሎ ተበድሮ የተሸጠ አክሲዮን) የለም፣ ቶኪዮ ገበያ ላይ የተገዙት የጃፓን ኩባንያዎችም የሉም። አንዳንዱን ደግሞ ኤስኢሲ ለጊዜው እንዲደበቅ ይፈቅዳል። በርክሻየር የቸብን ኢንሹራንስ አክሲዮን በ2023 መግዛት ጀምሮ እኛ የሰማነው ሜይ 2024 ነው። ማን እንደመረጠውም አይጻፍም፤ ባፌት ይሁን ሌላ የድርጅቱ ሰው አይታወቅም።

ባለፈው እቁብ ላይ ያው ወሬ ተነሳ። «ወረቀቱ እስከ ስንት ቀን ያለውን ነው የሚያሳየው?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። ስልኬን አውጥቼ ኤድጋርን ከፈትኩ፣ ቡናው ቀዘቀዘብኝ።