ካፌ ሬሰር በግቢያችን፦ ብሩ የት ይግባ?

ካፌ ሬሰር፣ ማለትም ትርፉ ተነቅሎለት፣ መሪው ዝቅ ብሎ የውድድር ሞተር መልክ የያዘ ተራ ሞተር፣ ለመስራት ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ያለችውን ብር የት ማስገባት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ይበቃል። እኔ አዳማ ነው የምኖረው። እንጀራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ትርፍ ጊዜዬን ግን የሚበላው ግቢያችን ውስጥ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ስር የማቆመው ሞተር ነው። ብዙ ልጆች እየመጡ “ስንት ይፈጃል?” ይሉኛል። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ ከአስር ብር አምስቱን ለጎማ፣ ለፍሬንና ለኤሌክትሪክ መስመር አስቀምጡ። መልኩን በቀረው ትደርሱበታላችሁ።

ነገሩ ከመነሻውም የሀብታም ጨዋታ አልነበረም። ለንደን ውስጥ ኖርዝ ሰርኩላር በሚባለው መንገድ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተ ኤስ ካፌ የሚባል ቤት አለ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ሮከርስ የሚባሉ ወጣቶች እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። አብዛኞቹ የፋብሪካ የውድድር ሞተር የመግዛት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ተራውን ሞተር ወስደው የማያስፈልገውን ነቀሉለት፣ መሪውን ዝቅ አደረጉ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ሳቡት። ህልማቸው በሰዓት 100 ማይል፣ በእኛ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መንካት ነበር። ከሁሉ ስሟ የገነነው ትራይተን የትራያምፍ ኢንጂን ኖርተን ቻሲስ ላይ ተጭኖ የተሰራች ናት። ሁለት አሮጌ ነገር አጋጥመው ነው እንግዲህ።

የትኛውን ሞተር እንግዛ? እኔ የሲጂ ዘር የሆነ 125 ወይም 150 እላለሁ። ሆንዳ ሲጂ 125ን እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣ ጥገና በቅጡ የማይገኝባቸውን አገሮች አስቦ ነበር። ቫልቮቹ የሚገፉት በዘንግ ስለሆነ ላይኛው ክፍል ላይ የሚላላ የካምሻፍት ካቴና የለም። ከቻይና የሚመጡ ብዙ ሞተሮችም የዚሁ ኢንጂን ቅጂ አላቸው። መለዋወጫው ርካሽ ነው፣ መካኒኩም ያውቀዋል። ቦክሰርም ይሆናል፣ በየመንደሩ ዕቃው አለ። ሁለት ሲሊንደር ያለው አሮጌ የጃፓን ሞተር ካገኛችሁ ግን አይታችሁ እለፉት። ያምራል፤ ካርቡሬተሩ ሲበላሽ ግን ዕቃ ፍለጋ ትከርማላችሁ።

ስትገዙ የቻሲስና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። ሊብሬ የሌለው ሞተር በነጻም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ። ከዚያ ኢንጂኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና ራሳችሁ አስነሱት። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ዘይት እየበላ ነው፣ ዋጋ ላይ ተነጋገሩ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ ከተማው በ2011 ዓ.ም. ሞተር ላይ ገደብ ካወጣ ወዲህ የፈቃዱን ነገር ሳታጣሩ ብር አታውጡ።

መፍታቱ ቀላል ነው። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ቡሎንና ዳዶውን በየክፍሉ ለይታችሁ በፌስታል አድርጉ፣ ላዩ ላይ ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ሞተር ካፌ ሬሰር የሚመስለው በአንድ መስመር ነው። ከታንኩ ስር ተነስቶ፣ በመቀመጫው ስር አልፎ፣ እስከ ጭራው ጫፍ የሚሄድ መስመር። ይህ መስመር ቀጥ ካለ የተቀረው ነገር ተራ ቢሆን እንኳ ሞተሩ ያምራል። ከተሰበረ ደግሞ ውድ ዕቃ ቢደረደርበትም አይድንም። የፋብሪካ ሞተር ላይ መቀመጫው ወደ ኋላ ሲሄድ ሽቅብ ይወጣል፤ ሁለት ሰው እንዲይዝ ነው የተሰራው።

መስመሩን ለማግኘት የሚያስፈልጋችሁ ሲባጎ ብቻ ነው። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ በሁለት እግሩ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ታንኩን ቦታው ላይ አስቀምጡ። ሲባጎውን ከታንኩ ስር የፊት ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ወጥሩት፣ አንድ ሰው ጫፉን ይያዝላችሁ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ፣ ቁጢጥ ብላችሁ፣ በታንኩ ቁመት ልክ እዩት። ሲባጎው ከመሬት ጋር ትይዩ መሆን አለበት፣ ወይም ወደ ኋላ በጣም ጥቂት ከፍ ይበል። ወደ ኋላ ከወረደ ሞተሩ የተቀመጠ ውሻ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የታንኩን የኋላ ማሰሪያ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ማንሳት ብቻውን ነገሩን ያስተካክላል። ወፍራም የጎማ ሮንዴላ ይበቃዋል፣ ብየዳም የለው።

ሲባጎው እንደተወጠረ የኋላውን ቻሲስ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የምትቆርጡት አሞርዛተሩ ከተያዘበት ቦታ ኋላ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ፊት ያለውን አትንኩት። የመሪው አንገትና የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንፍ የታሰረበት ቦታማ መብሻ እንኳ አይጠጋቸውም። ሰው የሚሞተው እዚያ ጋ በሚሰራ ስህተት ነው።

ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ፣ እባካችሁ አትዝለሉት። ሁለቱን አሞርዛተሮች ፍቱና መካኒክ ዘንድ ወስዳችሁ ሞላቸውን አስወጡ። ሞላው ተወጥሮ ያለ ስለሆነ እቤት አትሞክሩት። ያለ ሞላ መልሳችሁ እሰሯቸው። አሁን የኋላውን ጎማ በክንዳችሁ እስከ መጨረሻው ሽቅብ ግፉት። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነው። ከጎማው ጫፍ አዲሱ ጭራ እስከሚያርፍበት ቦታ ቢያንስ አራት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከዚያ ካነሰ ጭራውን ከፍ አድርጉ። መቀመጫ የነካ ጎማ በሩጫ ላይ ይይዛል።

ለጭራው ግማሽ ክብ የሆነ ብረት ያስፈልጋል። ውፍረቱ ከቻሲሱ ቱቦ ጋር እኩል ይሁን፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ማጠፊያ ማሽን ከሌለ ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት፣ ሁለቱን አፍ በእንጨት ድፈኑ፣ በእሳት አግላችሁ አጉብጡት። አሸዋው ቱቦው እንዳይጨፈለቅ ያደርገዋል። እርጥብ አሸዋ ግን አይሆንም፤ እንፋሎቱ ድፋኑን አስፈንጥሮ ሰው ይጎዳል። ጭራውና ቻሲሱ ሲገናኙ አፍ ለአፍ ብቻ አይበየዱ። ውስጣቸው ልክክ ብሎ የሚገባ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትንሽ ቱቦ አስገቡ፣ ከላይ በስታችሁ እሱንም አስበይዱት። በያጁ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይጠቀም። ከብየዳው በፊት ባትሪውን፣ ሲዲአዩን (ለካንዴላው እሳት የሚያዘውን ሳጥን) እና የባትሪ ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ንቀሉ። የማሽኑ ኔጋቲቭ መቆንጠጫም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ።

ታንኩን ደግሞ ማንም ሰው እንዳይበይድላችሁ። ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ። ቤንዚኑ ቢወጣም ተኑ ውስጡ ይቀራል፣ የሚፈነዳውም ተኑ ነው። ከጎደጎደ በስቱኮ ሙሉት፣ ከተቀደደ ሌላ ፈልጉ።

መሪው ላይ ብር አታባክኑ። ክሊፕኦኖች፣ ማለትም ግራና ቀኝ ለየብቻ ፎርኩ ላይ የሚታሰሩት አጫጭር መሪዎች፣ ያምራሉ፣ ግን እግር ማሳረፊያውንም ወደ ኋላ ማዛወር ግድ ይሆናል። ያንን ስታደርጉ የማርሽ መምቻውና የኋላ ፍሬኑ ዘንግም ይከተላሉ፤ ስራው እጥፍ ሆነ። ያለዚያ ክብደታችሁ ሁሉ አንጓችሁ ላይ ያርፋል። ለመጀመሪያ ስራ ዝቅ ያለ ቀጥ ያለ መሪ አድርጉ፣ እግር ማሳረፊያውን ተዉት። ስትጨርሱ ኢንጂኑን አስነስታችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩት። ድምጹ ከጨመረ የነዳጅ ገመዱ እየተሳበ ነው። አውራ ጣታችሁ ታንኩን ከነካም መሪው አልተስማማም።

ስለ ኤሌክትሪኩ ትንሽ ላውራ፣ ሙያዬ ነው። በየግቢው ቆመው የቀሩ ሞተሮች ብዙዎቹ ችግራቸው ሽቦ ነው። ባለቤቱ “ላቅልለው” ብሎ መስመሩን በፒንሳ ቆራርጦታል። እናንተ አትቁረጡ። ሙሉውን መስመር አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በቴስተር ተከታተሉ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስሙን ጻፉ። በሆንዳ አሰራር አረንጓዴው ኔጋቲቭ ነው። ቀዩ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፣ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው። የቻይናዎቹም በአብዛኛው ይህንኑ ይከተላሉ፣ ግን ሳትለኩ አትመኑ።

የቤት ነጠላ ክር ሽቦ ሞተር ላይ አታስገቡ። ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ነጠላው ክር ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። ብዙ ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ ግዙ። 35 ዋት የፊት መብራት በ12 ቮልት ሦስት አምፔር ገደማ ነው የሚስበው፤ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተርፎት ይሸከመዋል። መገጣጠሚያውን በሊድ በይዱት፣ በሙቀት የሚጠብቅ ላስቲክ አልብሱት። ፊውዙ ባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን። ኔጋቲቩ ቻሲስ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፋቁ፣ ብረቱ ይታይ። አዲስ ቀለም ከተቀባ በኋላ “መብራቱ ይደበዝዛል” የሚባለው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፍሬቻውን ኤልኢዲ ካደረጋችሁት ደግሞ በጣም ቶሎ ቶሎ ይበራል፤ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ስትቀይሩለት ይስተካከላል።

የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ተዉት። አውቃለሁ፣ በሱ ፋንታ ትንሿን ማጣሪያ አድርጎ መሃሉን ክፍት መተው ያምራል። ግን ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ከሳጥኑ ጋር ነው። ሳጥኑ ሲነሳ አየር ይበዛል፣ ጄቱን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዳዳ) መቀየር ይመጣል። የእኛ አገር ከፍታም አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የጄት ቁጥር ለእናንተ አይሰራም። የሚነግራችሁ ካንዴላው ነው። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቁር ጥቀርሻ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ነጭ ከሆነ አየር በዝቷል፤ ፒስተን ሳይቀልጥ አቁሙ።

አምስቱን ብር አስቀምጡ ያልኳችሁ እዚህ ትወጣለች። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እዩ። 1423 ካለ እ.ኤ.አ. በ2023 በ14ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ጥርሱ ያልተነካ አሮጌ ጎማ ዝናብ ላይ ያንሸራትታል። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ገመድ፣ የመሪና የቸርኬ ኩሽኔታ አዲስ ይሁኑ። ሌላውን ከሶማሌ ተራ ወይም ከምናለሽ ተራ አሮጌ መግዛት ይቻላል። መስታወት፣ መብራት ቤት፣ ሰዓት እዚያ በርካሽ ይገኛል። ፍሬንን ግን አሮጌ አልገዛም።

መቀመጫው የሚፈልገው 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ጠንካራ ስፖንጅና የመኪና ወንበር የሚሰፋ አንድ ባለሙያ ነው። ስፖንጁ አልጋ ፍራሽ ውስጥ ያለው ለስላሳው አይሁን፤ ቁጭ ስትሉ ላሜራው ይሰማችኋል። ቀለሙን በሊብሬው ላይ ያለውን ብትጠብቁ ይሻላል። ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ ወይም ቻሲሱን ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ልባስ ቤንዚን የሚቋቋም፣ ከማጠንከሪያ ጋር የሚበጠበጠው ይሁን፤ ተራው ቤንዚን ሲፈስበት ይላላጣል። ፍሬቻ፣ ጥሩምባ፣ የፍሬን መብራትና መስታወት አታንሱ፤ ለቦሎም ለነፍሳችሁም ያስፈልጋሉ።

ሲያልቅ መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ በዝግታ ንዱት፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ሞክሩ። ተመልሳችሁ እያንዳንዱን ቡሎን በቁልፍ ፈትሹ። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና። ካቴናው መሃሉ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይላላ፣ የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በካቻቪቴ መታ መታ አድርጉ። ድምጹ ደነዝ ያለው ላልቷል፣ ወደ ጎሚስታ ውሰዱት። ብየዳውንም በባትሪ መብራት እዩት፤ ቀለሙ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ መስመር ካያችሁ ሞተሩን ሳትነዱ ገፍታችሁ በያጁ ጋ አድርሱት።