ኤልኒኖና የወሎ ዝናብ፦ የወቅት ትንበያ ስንሰማ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሚያዝያ ሲጋመስ የሰው ሁሉ ወሬ ዝናብ ነው። በዚያ መሃል ሬዲዮው «ዘንድሮ ኤልኒኖ ይጠበቃል» ካለ እህል ነጋዴው መሸጡን ያቆማል፣ ገበሬው ዘሩን ይዞ ያመነታል፣ በሬውን ገበያ የሚያወጣም አይጠፋም። ትንበያ ሰምቶ መወሰን ትክክል ነው። የሚጎዳን ትንበያው ያላለውን እንዳለ አድርገን ስንወስድ ነው።

«ኤልኒኖ ማለት ድርቅ ነው» ማለት። ኤልኒኖ የሚባለው በምድር ወገብ አካባቢ የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ከወትሮው ቢያንስ በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቆ ለወራት ሲቆይ ነው። በእኛ በኩል የክረምቱን ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። የበልጉን ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ ይደግፋል፤ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጎርፍ እስከማምጣት ይደርሳል። ያው የፓስፊክ ገጽ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ላኒና ሲሆን፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክረምቱ ይበረታል፣ በልጉ ይሳሳል። ስለዚህ በበልግ ገብስ የሚኖረው የኩታበርና የደሴ ዙሪያ ደገኛ ከቃሉ ወረዳ ማሽላ አምራች ጋር አንድ ዜና ሰምቶ አንድ ዓይነት ውሳኔ ሊወስን አይገባም።

«ፓስፊክ የት፣ እኛ የት!» ብሎ መናቅ። የሞቀ ባሕር አየሩን በእርጥበት ይሞላዋል። አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመና ሲሆን የያዘውን ሙቀት ከፍ ብሎ ይለቃል፣ በዚህም ዓለምን የሚያዳርሰው የነፋስ ዝውውር ቦታውን ይለውጣል። አንድ ወገን አየር ሲወጣ ሌላ ወገን ይወርዳል፤ በሚወርድበት ዝናብ ያጥራል። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ጊልበርት ዎከር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕንድ ውስጥ ሆኖ በፓስፊክና በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ያለውን የአየር ግፊት መወዛወዝ አጠና፤ ሌላው ተመራማሪ ያኮብ ብየርክነስ ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. ከባሕሩ ሙቀት ጋር አገናኘው። በኤልኒኖ ክረምት በሰማያችን ላይ ከእስያ በኩል በከፍታ የሚነፍሰው ፈጣን የምሥራቅ ነፋስ ይዳከማል፤ ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣውም አቅም ያጣል።

የባሕር ሙቀት ካርታ ላይ ቀይ አይቶ መደንገጥ። ቀለሙ የሚያሳየው ከወትሮው ያለውን ልዩነት እንጂ የውሃውን ሙቀት አይደለም። የምሥራቅ ፓስፊክ ውሃ በተፈጥሮው ከምዕራቡ ይቀዘቅዛል። አንድ ዲግሪ ጭማሪ በፔሩ ዳርቻ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ብዙም ደመና ላያስነሳ ይችላል፤ ያው ጭማሪ 28 ዲግሪ ገደማ ወዳለበት መሃል ሲጠጋ ግን ብርቱ ደመና ያስነሳል። የት ሞቀ ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ሁሉንም ለፓስፊክ መስጠት። ይህ ለወሎ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። «ሰባ ሰባት» ብለን የምናስታውሰው ረሃብ ሥሩ በ1976 የቀሩት ዝናቦች ናቸው። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1984፣ ኤልኒኖ አልነበረም፤ ፓስፊክ እንዲያውም ወደ ቅዝቃዜው ያጋደለ ነበር። በ2007 ደግሞ በጣም ብርቱ ኤልኒኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። «ኤልኒኖ የለም» ተብሎ መዘናጋት «አለ» ተብሎ ከመደንገጥ አይተናነስም። የሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ድርሻ አለው።

በመጋቢት የተሰማን ትንበያ እንደ ቁርጥ መያዝ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ፓስፊክ ራሱ ወዴት እንደሚያደላ ያልለየለት ጊዜ ነው፤ ትንሽ የነፋስ ለውጥ አቅጣጫውን ሊያስቀይረው ስለሚችል በእነዚህ ወራት የሚወጣ የኤልኒኖ ትንበያ ከሌላው ጊዜ ደካማ ነው። ሰኔን ካለፈ በኋላ የያዘውን መልክ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይዞት ይዘልቃል። ችግሩ የቃሉ ገበሬ ማሽላውን የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት መሆኑ ነው፤ ሰኔን ልጠብቅ ቢል ማሽላው ያመልጠዋል። ስለዚህ መሬቱን ከፍሎ ከፊሉን ማሽላ መዝራት፣ የጤፍና የማሾ ዘር ደግሞ በእጅ ማቆየት፣ የሰኔው የትንበያ ማሻሻያ ሲወጣ በቀሪው መወሰን። በሬ መሸጥ ግን በመጋቢት ወሬ የሚደረግ ነገር አይደለም።

መቶኛውን እንደ ፍርድ መስማት። የወቅት ትንበያ ሦስት ዕጣ አለው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም ፍንጭ ከሌለ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ያህል ይደርሰዋል። «ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» ሲባል ዕድሉ አጋደለ ማለት ነው፤ የቀረው 55 በመቶ አሁንም መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ባሕሩን የቀን ቀጠሮ መጠየቅ። የዕለት አየር ከሁለት ሳምንት ወዲያ አይተነበይም። ባሕር ለወራት የሚያግዘን ሙቀት ስለሚይዝ ነው፤ የላይኛው ሦስት ሜትር ያህል ውሃ ብቻ መላው አየር የሚይዘውን ያህል ሙቀት ይይዛል። ይህ የወቅቱን ድምር ያመለክታል እንጂ ዝናቡ ሐምሌ ስንት እንደሚገባ፣ ነሐሴ ላይ ስንት ደረቅ ቀን እንደሚኖር አይናገርም። ለዚያ የአሥር ቀኑን ትንበያ ተከታተሉ። ከ2400 ሜትር በላይ ያለችው ደሴና ከ1900 ሜትር በታች ያለችው ኮምቦልቻ «መደበኛ» የሚሉት ዝናብም አንድ ስላልሆነ፣ ለቀበሌያችሁ የሚቀርበው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ከወረዳው ግብርና ባለሙያ ጠይቁ።