ጥርስ በአማልጋም ስታስሞሉ

ፒያሳ ጥርሴን አስሞልቼ እንደወጣሁ፣ ማደንዘዣው ሳይለቀኝ ትኩስ ማኪያቶ አዘዝኩና ከንፈሬን ላጥኩት። እናንተ ሁለት ሦስት ሰዓት ታገሱ። አማልጋም የሚባለው የብረት ቅይጥ መሙያ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው በ24 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቆሎውንም ጥብሱንም በሌላኛው ጎን አኝኩ። ከወንበሩ ሳትነሱ ሐኪሙ ባለቀለም ወረቀት ያስነክሳችኋል፤ ያኔ በይሉኝታ «ደህና ነው» እንዳትሉ፣ አንዱ ጥርስ ቀድሞ ከነካ ተናገሩና ይሞረድላችሁ፣ አለዚያ እራት ላይ ታዩታላችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት ቀን ቢጠዘጥዛችሁ ያለ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሌላ መሙያ ጠይቁ። ደህና የተቀመጠ አሮጌ አማልጋም ግን ዝም ብላችሁ አታስፈልፍሉ፤ የሜርኩሪው ትነት የሚበዛው ሲፈለፈል ነው።